ገብስማ ላባና የጋሽ በላቸው ዓሣ

ሰው አፉን የሚከፍተው ወይ ለእህል ነው ወይ ለጥፋት። እኔ በኅዳር ሚካኤል ማኅበር ላይ እህሉን ቀድሜ ስለጨረስኩ የቀረኝ ሁለተኛው ብቻ ነበር።

ሞላሌ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ፤ የወንዙን ስም ግን ጨርሶ አልጠራውም፤ ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ትረዱታላችሁ። ያን ቀን ከማኅበርተኛው አንዱ ልጁ ከተማ ውስጥ ትልቅ ሥራ እንደያዘ ያወራል። ሥራው ምን እንደሆነ አያውቀውም፤ ደመወዙን አያውቀውም፤ ብቻ ትልቅ ነው። እኔ ታዲያ ጠላው ሞቅ አድርጎኝ፣ «ይኼማ የበላቸው ዓሣ ነው» አልኩ።

በኛ አገር አለ እየተባለ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ሁሉ «የበላቸው ዓሣ» ይባላል። ሊመጣ ነው የተባለ የቧንቧ ውኃ የበላቸው ዓሣ ነው። ሊያገባት ነው የተባለ እጮኛ የበላቸው ዓሣ ነው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቀስ እያለ ግን ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሰዎች ሳቃቸውን እየዋጡ ወደ ጠላቸው አቀረቀሩ። ዞር ብል ጋሽ በላቸው ራሳቸው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። መቼ እንደገቡ እንጃ።

«መምህር፣» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ወርደህ አይተህ ነው?»

«የት ጋሽ በላቸው?»

«ወንዙ ዘንድ።»

«አይ፣ ወርጄስ አላውቅም።»

«ባዮሎጂ ነው አይደል የምታስተምረው?» አሉና ዋንጫቸውን አስቀምጠው፣ ማኅበሩን አመስግነው ወጡ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ጋሽ በላቸው የግብርና ሠራተኛ ነበሩ፤ ጎልማሳ፣ ጉልበታቸው የማይታጠፍ። ያኔ አንድ አለቃ ቀዝቃዛ ወንዝ የሚወድ ትራውት የሚባል ዓሣ ባሌ ውስጥ ገብቶ እንደተራባ ይሰማና፣ «ከባሌ የበረደ አገር እኛ አለን» ብሎ ይልካቸዋል። ጋሽ በላቸው በሁለት በርሜል የዓሣ ጫጩት ጭነው፣ በየመንገዱ ውኃ እየቀየሩ፣ ሌሊት በርሜሉን በብርድ ልብስ እየሸፈኑ ያመጣሉ። መኪና ከማይሄድበት ደግሞ በበቅሎ። ገደሉን ወርደው ወንዙ ሲደርሱ ከሁለቱ በርሜል በሕይወት የተረፉት ዐሥራ አራት ነበሩ። ለቀቋቸው። ወር ቆይቶ አለቃው ሊያይ መጣ፤ ቀኑን ሙሉ ወንዙ ዳር ቆሞ አንድም ዓሣ አላየም። «ጠፍቷል» ብሎ ጽፎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ በላቸው የበግ ክትባት ላይ ተመደቡ፤ ዓሣው ደግሞ ተረት ላይ ተመደበ።

ከማኅበሩ ስንመለስ ባለቤቴ አስካለ ከፊት ከፊቴ እየፈጠነች ሄደች። በሩ ላይ ስንደርስ፣ «ነገ ሄደህ ይቅርታ ትጠይቃቸዋለህ» አለች። የአስካለን ትእዛዝ ማክበር የጀመርኩት ከጋብቻችን በፊት ስለሆነ በማግስቱ ሄድኩ።

ጋሽ በላቸው ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ጉልበታቸውን በሱፍ ባና ጠቅልለዋል። ቤቱ ግማሹ ባዶ ነው፤ ደብረ ብርሃን ያለችው ልጃቸው ከገና በኋላ ልትወስዳቸው ስለሆነ ዕቃው ተጠቅልሎ አልቋል። ይቅርታዬን ከነማብራሪያው አቀረብኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝና፣

«ይቅርታህን ምን አደርገዋለሁ? ከዚህ ሳልሄድ ወርደህ እየው» አሉኝ።

«እርስዎ ወርደው አያውቁም?»

«ጉልበቴ ደኅና ሳለ አልወረድኩም። ሰው ከሳቀብኝ በኋላ ፈራሁ። ሄጄ ባጣውስ?»

ይኼን ሲሉ እኔን አላዩኝም፤ ባናውን ነበር የሚያዩት። እዚያው ቆሜ ለራሴ ማልኩ፤ ገና ሳይገባ ያን ዓሣ አወጣዋለሁ። እኔ ደግሞ አንዴ ከማልኩ አልመለስም። ይኼን ከጀግንነት እንዳትቆጥሩልኝ፤ በአንድ ወቅት ብስክሌት መንዳት ሳልችል አልወርድም ብዬ ቦይ ውስጥ የገባሁ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ በትል ጀመርኩ። መንጠቆ፣ ናይለን ክር፣ ትል። ከጠዋት እስከ ማታ ወንዙ ገደል ሥር ከሚሠራው ኩሬ ዳር ተቀምጬ መንጠቆዬን አንድም ነገር አልነካውም። ሁለተኛው ቅዳሜም እንደዚያው ሊሆን ነበር። ቀትር ላይ ግን ፀሐይዋ ገደሉን አልፋ ኩሬው ላይ ስታርፍ፣ ከውኃው ላይ ትንንሽ ግራጫ ትንኞች መነሣት ጀመሩ። በዚያ ውርጭ እንዴት እንደሚኖሩ ፈጣሪ ይወቅ፤ አንድ ሁለት እያሉ ቆይተው ወዲያው እንደ ጭስ ሆኑ። ያን ጊዜ ከኩሬው መሐል አንድ ነገር ብቅ ብሎ ጠለቀ። የቀረው በውኃው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ብቻ ነበር።

ያን ገደል ዕቃዬን እንኳ ሳልሰበስብ ወጣሁት። ጋሽ በላቸው ዘንድ ስደርስ ትንፋሼ አልቆ ስለነበር በጣቴ አየር ላይ ክብ ሠርቼ አሳየኋቸው። ወዲያው ገባቸው።

«ትንኝ ነበረ?»

«ሞልቶ።»

«እንግዲያ በትል አታገኘውም። በብርድ ጊዜ ከታች ተኝቶ ይውልና ትንኙ ሲወጣ ብቻ ነው አፉን የሚከፍተው። ያን ሰዓት ከላይ የሚንሳፈፈውን እንጂ የሚሰምጠውን ዘወር ብሎም አያየው። ትንኝ መሥራት አለብን» አሉና ከተጠቀለለው ዕቃ መሐል አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን አስወጡኝ። ውስጧ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጡ መንጠቆዎች ነበሩ። ባሌ ሳሉ አንድ ባለሙያ በመንጠቆ ላይ ላባ ጠምጥሞ ትንኝ መሥራት አስተምሯቸው ኖሯል። የሚያስፈልገው የስፌት ክር፣ ለመንሳፈፊያ ትንሽ ሰም፣ ለመወርወሪያ ከፈረስ ጭራ የተገመደ ገመድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው። የሌላ ዶሮ ላባ አይሆንም፤ መልኩ ትንኙን የሚመስለው የገብስማው ነው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አገር የማውቅ ሰው መሆኔ ያልረዳኝ። ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ ዶሮ የሚያርድ የለም። በሰፈራችን ያለው ገብስማ አውራ ዶሮ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የእትዬ ዘነበች። እትዬ ዘነበች መስማት የሚፈልጉትን ሁሉ የሚሰሙ፣ የሰሙትን ሁሉ የሚያሰሙ ጎረቤታችን ናቸው። ሄድኩ።

«ዶሮውን ልትገዛ ነው?» አሉኝ።

«አይ እትዬ፣ ላባውን ብቻ ነው። የአንገቱን። አምስት ስድስት ይበቃኛል።»

«የቀዩንስ ብሰጥህ?»

«ቀዩ አይሆንም። ገብስማ መሆን አለበት ተብያለሁ።»

እትዬ ዘነበች የያዙትን ሰፌድ ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡ። «ማነው ያለህ?»

የጋሽ በላቸውን ስም ብጠራ እንደሚሳቅባቸው ገባኝና ልሸፍንላቸው ፈለግሁ። ከአማርኛ ቃል ሁሉ መርጬ፣ «አንድ አዋቂ ሽማግሌ» አልኩ።

አዋቂ። ገብስማ ዶሮ ፈልጌ መጥቼ ያዘዘኝ አዋቂ ነው አልኩ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። እትዬ ዘነበች ሦስት ጊዜ አማተቡና ዶሮውን ይዘው ቤት ገቡ። በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተው ነበር። እኔ በማግስቱ ጠዋት፣ ዶሮው ሲወጣ፣ ከአጥራቸው ሥር የወደቀ ላባ ልለቅም በአራት እግሬ ሄድኩ። አራት ላባ አግኝቼ ለአምስተኛው ስዘረጋ ዶሮው እጄን በምንቃሩ ወጋኝ። ቀና ስል እትዬ ዘነበች ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል። ደኅና አደሩ አልኳቸው። አልመለሱልኝም። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከዲያቆኑ ቁራጭ ጧፍ ለመንኩ፤ ለሰሙ ነው። ከዚያ ከአንድ ባለፈረስ ዘንድ ነጭ የፈረስ ጭራ ለመንኩ፤ ለገመዱ ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች ሰብስቦ በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ሲሄድ የታየ ሰው ምን ሊባል እንደሚችል እናንተው ፍረዱ። በሳምንቱ ተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ ትንፍሽ አላሉም። የቤት ሥራ ያልሠራ አንድም አልነበረም። የማስተማር ችሎታዬ የተሻሻለ መስሎኝ ለሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ።

ጋሽ በላቸው በመነጽራቸው ላይ መነጽር ደርበው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደክመው ሦስት ትንኝ ሠሩልኝ። ሲያልቁ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ብተነፍስ የሚበርሩ ይመስሉ ነበር። በቀርከሃ ዘንግ ላይ የጭራውን ገመድ አሠርን። ቅዳሜ ወረድኩ።

መወርወር እንዲህ ከባድ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ትንኙ ክብደት ስለሌለው እንደ ድንጋይ አይወረወርም፤ ገመዱን ወደ ኋላ አውለብልቦ ወደ ፊት መላክ ነው። ወደ ኋላ ሳውለበልብ የመጀመሪያው ትንኝ ከኋላዬ ባለው የአስታ ቁጥቋጦ ላይ ቀረ። የሁለተኛው መንጠቆ ድንጋይ ላይ ተሰበረ። ሦስተኛውን ስወረውር ንፋስ መጣና ጆሮዬን አንድ ነገር ቆነጠጠኝ። በእጄ ብዳስስ ትንኙ ጆሮዬ ላይ ተሰክቷል፤ ስስበው መጣ፤ ጆሮዬም አብሮ መጣ።

ክሩን በጥርሴ በጥሼ ወጣሁ። መንገዱ ከገበያ በሚመለስ ሰው ሞልቷል። በነጠላ ልሸፍነው ብሞክር ነጠላው መንጠቆው ላይ እየተያዘ ጩኸት አስጮኸኝ፤ ስለዚህ ገልጬው ሄድኩ። ሰው ሁሉ ገብስማ ላባ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥሎ አየ። ሰላም የሚለኝ ጠፋ፤ መንገዱ ግን እንዲህ ተከፍቶልኝ አያውቅም። ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ሲስተር መንጠቆውን ቆርጣ እያወጣች፣

«ምን ስታደርግ ነው?» አለችኝ።

«ዓሣ ሳጠምድ።»

«የት?»

«እዚሁ።»

የቴታነስ መርፌ ወጋችኝ። ከዚያ እንቅልፍ እንዴት እንደሆነልኝ፣ ቤት ውስጥ ጭንቀት ይኖር እንደሆነ ረጋ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

በማግስቱ የነፍስ አባታችን አባ ኃይሌ መስቀላቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። አስካለ ወንበር ሰጥታቸው እሷ በሩ ዘንድ ቆመች። አባ ጥቂት ጸለዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ማንን ልትጎዳ ነው?»

«ማንንም አባ።»

«ርእሰ መምህሩን ነው ይላሉ።»

«ኧረ አባ፣ ዓሣ ነው። ላባውም ሰሙም ጭራውም ዓሣ ለማጥመድ ነው።»

«የምን ዓሣ?»

አስካለን አየኋት። «ተናገር» በሚል ራሷን ነቀነቀችልኝ። «የጋሽ በላቸው ዓሣ» አልኩ።

አባ ኃይሌ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። «ይኼስ ከጥንቆላው ይብሳል» አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የማኅበሩን ቀን፣ ክቡን፣ ከገና በኋላ ሊሄዱ መሆኑን። ሲያዳምጡኝ ቆዩና፣ «በላቸውን እኔም በጉባኤ ላይ ለውሸት ምሳሌ አድርጌው አውቃለሁ» አሉ። «ካለ፣ ኃጢአቱ የኔም ነው። ከሌለ ደግሞ አንተን ከዚህ ገደል መመለስ አለብኝ። ቅዳሜ አብረን እንወርዳለን። በቅሎዬን ለበላቸው አመጣለሁ።»

«ጾም ላይ ዓሣ ይፈቀዳል አባ?» አለች አስካለ።

«እስቲ መጀመሪያ ይያዝ። ቀኖናው የትም አይሄድ።»

ገና ሊገባ የቀረችው ቅዳሜ ይቺው ብቻ ነበረች። ጋሽ በላቸው አንድ ተጨማሪ ትንኝ ሠሩ፤ የቀረችውም ላባ አንዲት ነበረች። በበቅሎ ላይ ሆነው ገደሉን ሲወርዱ ዓይናቸውን ከወንዙ አላነሡም። አባ ኃይሌ ልጓሙን ይዘው ከፊት፣ እኔ ዘንጌን ይዤ ከኋላ። ኩሬው ዳር ደርሰን ብናይ ሰማዩ ደመና ነው። ቀትር ሆነ፤ ፀሐይ የለም። ትንኝ የለም። ቀትር አለፈ። ብርዱ ከድንጋዩ በኩል ወደ አጥንት ይገባል። አባ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ ጋሽ በላቸው በባናቸው ተጠቅልለው ውኃውን ያያሉ።

«ሌላ ቀን እንምጣ» አልኩ በመጨረሻ፣ ለሳቸው አዝኜ።

«ሌላ ቀን የለኝም» አሉ። «ቁም።»

ቆምኩ። እግሬ የኔ መሆኑን እስክጠራጠር ቆምኩ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደመናው ተሰነጠቀና ፀሐይዋ ኩሬውን ነካችው። ወዲያው አንድ ትንኝ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ጭሱ። ከማዶው ድንጋይ ሥር ክቡ ታየ። አባ ኃይሌ ዳዊታቸውን ዘጉ።

ወረወርኩ። ትንኙ ወደ ኋላ ሄዶ የአባ ኃይሌ ጥምጣም ላይ ተቀመጠ። አባ ሳይንቀሳቀሱ፣ «አውጣውና ቀጥል» አሉ። አወጣሁት።

«ክንድህን አትወርውረው» አሉ ጋሽ በላቸው። «ገመዱ ከኋላህ እስኪዘረጋ ጠብቅና ልቀቀው። አትቸኩል። አርባ ዓመት የጠበቀ ዓሣ ለአፍታ ይጠብቅሃል።»

ጠበቅሁ። ለቀቅሁ። ትንኙ ድንጋዩ አጠገብ፣ ውኃው ላይ፣ እንደ እውነተኛ ትንኝ ቁጭ አለ። ትንሽ ተንሳፈፈ። ውኃው በቀስታ ከንፈሩን ከፍቶ ወሰደው። ዘንጉን ቀና ሳደርግ ከታች የሆነ ሕይወት ያለው ነገር ጎተተኝ። መንጠቆው እንዳይለቅ እፈራለሁ፤ ገመዱ እንዳይበጠስ እፈራለሁ፤ ወደ ኋላ መሄድ ትቼ ወደ ውኃው እስከ ወገቤ ገባሁ። ለምን እንደገባሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ስወጣ ዓሣው በሁለት እጄ መሐል ነበር። አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ውኃ ሞልተን ጨመርነው።

ከስንዝር አይበልጥም። ጎኑ ወርቅማ ሆኖ በጥቁርና በቀይ ነጠብጣብ ተነቅሷል። አባ ኃይሌ አማተቡ። «በላቸው፣ ይቅር በለኝ» አሉ።

ጋሽ በላቸው ከበቅሎው ዘንድ በከዘራቸው እየተደገፉ መጥተው፣ ያን ጉልበታቸውን አጥፈው ተንበረከኩ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ፣ «እኔ ያመጣሁት አይደለም» አሉ።

ጎንበስ አልኩ። «ምን ማለትዎ ነው?»

«ዓሣ አርባ ዓመት ይኖራል እንዴ፣ የባዮሎጂ መምህር?» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ይኼ እኮ ልጅ ነው። እዚህ የተወለደ ነው። የዚህ አገር ሰው ነው።»

ከዚያ ስልኬን አውጥቼ በደነዘዘ ጣቴ ፎቶ አነሣሁት። አባ ኃይሌ ደግሞ ተነሥተው፣ «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቆሜ እናገራለሁ። በዓይኔ አየሁ እላለሁ። በጉባኤ የሰደብኩህን በጉባኤ እክስሃለሁ» አሉ።

ጋሽ በላቸው ዓይናቸውን ከዓሣው ሳያነሡ፣ «አይናገሩ አባ» አሉ።

«ለምን?»

«ከተናገሩ እኮ ያምኑዎታል። ያመነ ሰው ደግሞ መረብ ይዞ ይወርዳል። እስከ ጥምቀት አንድ አይተርፍም። እኔ ውሸታም መባል ከለመድኩት አርባ ዓመቴ ነው። ዓሦቹ ግን መረብ አልለመዱም።»

አባ ኃይሌ ዳዊታቸውን ወደ ማኅደሩ መለሱ። ጋሽ በላቸው ጀሪካኑን ወደ ውኃው ዘነበል አደረጉት። ዓሣው ለአፍታ መዳፋቸው አጠገብ ቆየና ድንጋዩ ሥር ገባ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ያንንም አጥፋው» አሉኝ፤ ስልኩን ነው። አጠፋሁት። ጆሮዬን ተበስቼ፣ ደብተራ ተብዬ፣ እስከ ወገቤ በርዶኝ ያገኘሁት ማስረጃ በአንድ ጣት ጠፋ።

ሽቅብ ስንወጣ አንድ ነገር አሳሰበኝ። «አባ፣ አስካለ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት? ልዋሽ?»

አባ ጥቂት አሰቡ። «አላመጣሁም በላት። እውነት ነው።»

ቤት ስደርስ አስካለ በሩ ላይ ነበረች። «እሺ?» አለች።

«አላመጣሁም።»

እርጥብ ሱሪዬን አየች፤ ፊቴን አየች። «አላየሁም አላልክም እኮ» አለች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም፤ ደረቅ ልብስ አቀበለችኝ።

ከገና በኋላ የጋሽ በላቸው ልጅ በመኪና መጣች። ሰፈርተኛው ሁሉ ሊሸኝ ወጣ። ዕቃው ተጭኖ፣ ተሳስመው፣ ሊገቡ ሲሉ ከሰዎቹ መሐል አንዱ፣ «ጋሽ በላቸው፣ ዓሣዎን ለማን ተዉት?» አለ።

ጋሽ በላቸው እግራቸውን ወደ መኪናው አስገብተው ባናቸውን አስተካከሉ። «ለመምህር» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እትዬ ዘነበች እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በነጋታው ቅዳሜ ነበር፤ የበጋው ውኃ ምን ያህል እንደጎደለ ለማየት ብቻዬን ወረድኩ። ዘንግ አልያዝኩም።